ጠጅ ቤት የገባው ወይን

የወይዘሮ ያለምወርቅ ችግር ማር ነበር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ከእናታቸው የተረከቡትን ጠጅ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ይዘውታል። ጠጃቸው ከማር፣ ከውሃና ከጌሾ በቀር ሌላ ነገር ገብቶበት አያውቅም። ከደብረ ኤልያስ በኩል የሚመጣላቸው ማር ግን ባለፉት ሦስት ዓመታት ዋጋው እየወጣ እየወጣ ሄዶ፣ አንድ ብርሌ ንጹሕ ጠጅ የሚጠጣ የቀን ሠራተኛ ምሳውን መተው ግድ ሆነበት። የአካባቢው ሌሎች ጠጅ ቤቶች መላ አበጁለት። ስኳር ጨመሩ፣ ስኳሩ ያነጣውን በቀለም ቢጫ አደረጉት። ወይዘሮ ያለምወርቅ እንቢ አሉ።

እንቢታቸው ዋጋ አስከፈላቸው። በቤቱ ግድግዳ ዙሪያ ያሉት አግዳሚ ወንበሮች በደኅናው ጊዜ ሠላሳ ሰው ይይዙ ነበር። አምና በዚህ ወቅት በቀን የሚገባው ሰው ከአምስት አይበልጥም ነበር። ያከራያቸው የቤቱ ባለቤት ቤቱን ለውርርድ ቤት ሊከራይ የሚፈልግ ሰው እንዳገኘ ከነገራቸው ቆይቷል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አራዘመላቸው። በመጨረሻ የቆረጠው ቀን የዘንድሮው ፋሲካ ነው። እስከዚያ ቤቱ እንደ ቤት ካልሠራ ቁልፉን ያስረክባሉ። ቁልፉን ካስረከቡ የሚሄዱበት ቦታም ታውቋል፦ አዲስ አበባ፣ ልጃቸው ፀደንያ ጋ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። ፀደንያ እናቷን ትወዳለች፤ እንድትመጣላትም ከልቧ ትለምናለች። ወይዘሮ ያለምወርቅ ግን ያንን ፎቅ ሲያነሡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «እዚያ ማን ይመጣል? ማን በሬን ገፋ አድርጎ፣ ‹አለሽ?› ይለኛል?» ይላሉ።

ወይኑ የመጣው በገና ነው። ፀደንያ ለበዓል ስትመጣ አንድ ጠርሙስ አገር ውስጥ የተጠመቀ ቀይ ወይን ይዛ መጣች። እናት ቀመሱት፤ አልጠሉትም። ከዚያ ጠርሙሱን አገላብጠው እያዩ ስንት እንደገዛችው ጠየቋት። ስትነግራቸው ተነሥተው ብርሌ አመጡና የተረፈውን እየሰፈሩ ለኩት። አንድ ጠርሙስ ሦስት ብርሌ ያህል ይሞላል። አካፍለው ቢያዩት የአንዱ ብርሌ ወይን ዋጋ እሳቸው ጓዳ ከሚጠምቁት ንጹሕ ጠጅ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ያኔ ያሉትን ፀደንያ ቃል በቃል ታስታውሰዋለች። «ፋብሪካ ተክሎ፣ ጠርሙስ ገዝቶ፣ ወረቀት ለጥፎ፣ መኪና ተጭኖ የመጣ መጠጥ፣ እኔ እዚህ ጓዳዬ ከጠመቅሁት ከረከሰ፣ እኔ የማላውቀው ነገር አለ ማለት ነው። ሄጄ ማየት አለብኝ።»

«ምኑን ነው የምታዪው እማ? ከፈለግሽ ከአከፋፋይ እናስመጣልሻለን።»

«ሲጠመቅ ያላየሁትን መጠጥ ለሰው አልሰጥም!»

ጥምቀት እንዳለፈ የአባይን በረሃ ተሻግረው አዲስ አበባ ገቡ። ፀደንያ ከሥራዋ የሁለት ቀን ፈቃድ ወስዳ፣ ሐሙስ ዕለት ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ወዳለ አንድ ትልቅ የወይን እርሻ ወሰደቻቸው። እዚያ ጎብኚ ይቀበላሉ፤ ቆብ ያደረገች አንዲት ወጣት አስጎብኚ ከተክሉ ጀምራ እስከ ጠርሙሱ ታሳያለች። ወይዘሮ ያለምወርቅ በሽቦ ላይ ተዘርግቶ የተሰለፈውን ሐረግ አይተው፣ ከሰው ቁመት በብዙ የሚበልጡትን የብረት ማጠራቀሚያዎች አይተው፣ አሁንም አሁንም አንድ ነገር በዓይናቸው ሲፈልጉ ነበር። በመጨረሻ ጠየቁ።

«ልጄ፣ ጌሾውን መቼ ነው የምትጨምሩት?»

አስጎብኚዋ ፈገግ አለች። «ጌሾ የለውም እማማ።»

«ታዲያ ምን ያፈላዋል?»

«እርሾ ነው። ከፍሬው ልጣጭ ላይ አለ፤ እኛም ሌላ እንጨምርበታለን።»

«ፍሬው ማፍያውን ለብሶ ነው የሚወለደው በይኛ!»

«እማ፣ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል» አለች ፀደንያ።

«ይስማ! አንቺ ጌሾ ለቅመሽ፣ አድርቀሽ፣ ቀቅለሽ ስለማታውቂ ነው።»

መደነቃቸው ትክክል ነበር። ማር በውሃ ተበርዞ ብቻውን ቢቀመጥ መፍላት ለመጀመር ይዘገያል፤ ብዙ ጊዜም ይበላሻል። ጌሾ ከመራራነቱ ጋር መፍላቱን የሚያስነሣውን ሕይወት ይዞለት ይመጣል። የወይን ፍሬ ግን ሲጨመቅ ስኳሩም፣ ውሃውም፣ እርሾውም አንድ ላይ ናቸው። ጠጅ ጣይ የሦስት ነገር ጋብቻ ስታደራድር፣ ወይን ጠማቂ የተጋቡትን ተቀብሎ ቤት ይሰጣቸዋል። ይኼን የገለጹልኝ ራሳቸው ወይዘሮ ያለምወርቅ ናቸው፤ እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሌላ ሰው የለም።

ከጉብኝቱ በኋላ ሦስት ብርጭቆ ይቀርባል። አስጎብኚዋ ብርጭቆውን በእግሩ ይዞ ማዞርን፣ ማሽተትን፣ ከዚያ ትንሽ ተጎንጭቶ አፍ ውስጥ ማቆየትን አሳየቻቸው። «ይኼኛው ደረቅ ይባላል፣ ይኼ መካከለኛ፣ ይኼ ደግሞ ለስላሳ» ስትል ወይዘሮ ያለምወርቅ በሣቅ ፈነዱ። ጠጅ ቤት የገባ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው፦ ደረቅ ነው፣ መካከለኛ ነው፣ ለስላሳ? የማያውቁት አገር ሄደው የራሳቸውን ቋንቋ ሰሙ። ፀደንያ እንደምትለው በሦስት ዓመት ውስጥ እናቷ እንደዚያ ቀን ስቃ አታውቅም። ሦስቱንም ቀምሰው ደረቁን መረጡ፤ ከምግብ ጋር ይሄዳል፣ ሰው ቶሎ አይሰለቸውም አሉ።

እዚያው አንድ ሌላ ነገር ተማሩ። ወይን በጠርሙስ ሲገዛ ገንዘቡ ወይኑ ላይ ብቻ አያርፍም። ጠርሙሱ፣ ቡሹ፣ ወረቀቱ፣ ካርቶኑ፣ የመንገድ ላይ ስብራቱ ሁሉ ዋጋው ውስጥ አለ። «ያለ ጠርሙስ አትሸጡልኝም?» ብለው ጠየቁ። አይሸጡም። የመጡበት መኪና ሹፌር ግን ይኼን ሰምቶ ኖሮ፣ ሲመለሱ ደብረ ዘይት አካባቢ ከቤቱ ጀርባ ወይን ተክሎ፣ ራሱ ጠምቆ፣ በጀሪካን የሚሸጥ አብይ የሚባል ሰው እንዳለ ነገራቸው።

አብይ በአርባዎቹ መጀመሪያ ያለ ሰው ነው፤ ድሮ የውሃ ሥራ ባለሙያ ነበር። ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ወይን አለው፤ የሚጠምቀው በሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነው። እናትና ልጅ ዓርብ ዕለት አምስት ሰዓት ላይ ደረሱበት። በደስታ ተቀብሏቸው ከበርሜሎቹ በአነስተኛ ቱቦ እየሳበ ሦስት ብርጭቆ ቀዳላቸው።

ወይዘሮ ያለምወርቅ እጃቸውን አልዘረጉም። «ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም።»

«አራት ሰዓት ሙሉ እትዬ?»

«አንተ ሥራህን ሥራ። እኔ አሸትታለሁ።»

አብይ ቀልድ መስሎት ነበር። ወንበር አስመጥተው በርሜሎቹ አጠገብ ተቀመጡ። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ እያነሡ ያሸትታሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ወጣ ብለው አየር ይቀበላሉ፣ ተመልሰው እንደገና ያሸትታሉ። ጾመኛ አፍንጫ ከጠገበ ሰው አፍንጫ ይሰላል የሚሉት ነገር አላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጠጅ የቀዱት እንዲህ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ጥንስስ ቢደርስ አይቀምሱትም፣ ከሽታው ያውቁታል። ስምንት ሰዓት ሲሆን አብይን ጠሩት።

«ይኼ የመጀመሪያው ገና ልጅ ነው። ያ መሐለኛው ተቀይሟል፣ የሆነ ነገር አድርገኸዋል። ይኼ የዳር ያለው ግን አርፏል።»

አብይ ቆሞ ቀረ። የመጀመሪያው የዘንድሮ ምርት ነው። መሐለኛው መብራት ጠፍቶ ሙቀት አግኝቶት ነበር። የዳር ያለው ሁለት ዓመት የሞላው፣ ከሁሉም በላይ እሱ የሚመካበት ነው፤ ግን መልኩ ደብዘዝ ስለሚል ገዢ አይመርጠውምና በርካሽ ይሸጠዋል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ወይዘሮ ያለምወርቅ አማተቡ፣ ዳቦ ቆረሱ፣ ሦስቱንም ቀመሱ። አልተሳሳቱም። ከዳር ካለው በርሜል ስድስት ጀሪካን ገዙ፤ እያንዳንዱ ሃያ ሊትር ነው።

አብይ ጀሪካኖቹን እያሠረ አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው። «እትዬ፣ እስከሚሸጡት ድረስ ክዳኑን አይክፈቱት። ከከፈቱት ደግሞ ቶሎ ይለቅ። የጠመቃው ጊዜ ካለፈ ወዲህ አየር ጠላቱ ነው።»

«እሺ ልጄ» አሉ። ሰምተውታል። ይኼን እንዳልሸሸጉ ልብ ይባልላቸው፤ ሲናገሩም «አልሰማሁም» ብለው አያውቁም።

ስሕተታቸው የመጣው ከሙያቸው ነው። በጠጅ ቤት ዓለም ጀሪካን የውርደት ምልክት ነው። በጀሪካን የሚሸጥ ጠጅ የስኳር ጠጅ ነው። ለሠላሳ ዓመት ደንበኛ የኖረ ሰው ፊት ከፕላስቲክ መቅዳት ለሳቸው በባዶ እግር ቤተ መንግሥት እንደ መግባት ነው። ጥሩ መጠጥ ጥሩ ጋን ይገባዋል። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ እንደገቡ የእናታቸውን ትልቁን ጋን አወጡ፣ በግራዋ ቅጠል ፈትገው አጠቡት፣ አደረቁት፣ በወይራ ጭስ አጠኑት። አምስቱን ጀሪካን ገለበጡበት። ስድስተኛው አልገባ ስላለ ጓዳ ተቀመጠ። የጋኑን አፍ እንደ ደንቡ በንጹሕ ሻሽ ሸፈኑት፤ ጠጅ መተንፈስ አለበትና።

የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ቤቱ ነፍስ ዘራ። ወሬው ተሰማና ሰው መጣ። ጡረታ የወጣው የኬሚስትሪ መምህር ዘመነ በር ላይ ሆኖ ብርሌዎቹን እያየ፣ «እትዬ ያለምወርቅ፣ ጠጅሽ ምን ሰምቶ ነው እንዲህ የቀላው?» አለ።

«አንተን አይቶ አፍሮ ነው፤ ግባና ጠጣ።»

«ኮካ ቀላቅይበታ፤ ከተማ እንዲያ ነው የሚጠጣው።»

«ማርቆስን! በዚህ ቤት ኮካ የሚቀላቅል ሰው ውጭ ቆሞ ይጠጣታል!»

ከሁሉ ፊት ሁልጊዜ የሚመጡት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠው ብራና ይጽፋሉ። ዕድሜያቸው ሰባ ስድስት ነው። ከሥራቸው ተነሥተው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ አንዲት ብርሌ ጠጥተው ይሄዳሉ፤ ሁለተኛ ጨምረው አያውቁም። ወይኑን በመጀመሪያው ቀን ቀምሰው ጥቂት አሰቡና፣ «ትንሽ ኮስተር ያለ ነው፤ ግን ጨዋ ነው» አሉ። ያ ቃል ለወይዘሮ ያለምወርቅ ከገበያው በለጠባቸው።

በአምስተኛው ቀን መንገድ ተዘጋ። እዚህ አገር ላለ ሰው ይኼን ማብራራት አያስፈልግም። ሱቅ ተዘጋ፣ መኪና ቆመ፣ ከሩቅ የሚሰማ ድምፅ ነበር፣ ሰው ቤቱ ተቀመጠ። ዐሥራ አንድ ቀን ሆነ። ወይዘሮ ያለምወርቅ በራሳቸው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆነው ስለ ጋኑ አልተጨነቁም፤ ጠጅ ዐሥራ አንድ ቀን ቢቆይ ይጎለምሳል እንጂ ምን ይሆናል። ጋኑ ከግማሽ በታች ወርዶ፣ ሻሽ ለብሶ፣ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

በሩ እንደገና የተከፈተው በቅበላ ሳምንት፣ ማክሰኞ ነው። ዓቢይ ጾም ሊገባ ስድስት ቀን ቀርቶታል፤ ለጠጅ ቤት ከዓመቱ ሁሉ የበለጠው ሳምንት ነው። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ቀድመው ገቡ። ከስተዋል። ወይዘሮ ያለምወርቅ ደስ ብሏቸው ቶሎ ቀዱላቸው፣ ከበር ውጭ ከጎረቤት ጋር «እንኳን አተረፈሽ» ሲባባሉ ቆዩ። ሲመለሱ ብርሌው ባዶ ነው። መሪጌታ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ፣ ሄዱ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መምህር ዘመነ መጣ። አንድ ጊዜ ተጎነጨ፣ ወደ ደጅ ሮጦ ተፋው።

«እትዬ! ይኼ እኮ ሰላጣ ላይ የሚፈስሰው ነው!»

«ምን?»

«ኮምጣጤ! ኮምጣጤ ሆኗል!»

«አትቀልድ። መሪጌታ አሁን ጠጥተው ጨርሰው ሄዱ።»

ዘመነ ብርሌውን ዘረጋላቸው። ቀመሱት።

በሩን ቆልፈው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። መሪጌታ ከቅጥሩ ሥር፣ በተለመደው ቦታቸው፣ ብራና ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አገኟቸው። ወይዘሮ ያለምወርቅ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«መሪጌታ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን?»

«ያጠጣሁዎትን! እንዴት ብለው ጨረሱት? አንጀትዎ ተቃጥሎ ይሆናል እኮ!»

መሪጌታ ብርዓቸውን አስቀመጡ። «ሠላሳ ዓመት አጠጥተሽኛል፤ አንድ ቀን ቢከፋ ምን እላለሁ? ደግሞ ቤቱን ልትለቂ ነው ሲሉ ሰማሁ። በዚህ በተዘጋንበት ሰሞን ባለቤቱ ሰው ይዞ መጥቶ በሩን ሲለካ ያየ ሰው ነገረኝ። እንግዲህ የመጨረሻዬ ናት ብዬ ነው የጨረስኳት።»

ወይዘሮ ያለምወርቅ ይኼን ሲነግሩኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሩ እንደተለካ የሰሙት ከመሪጌታ አፍ ነው።

ማታውኑ አብይ ጋ ደወሉ። የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሩት። «ጋን ውስጥ?» አለ። አልሣቀባቸውም፣ አልገሠጻቸውም። «እኔ ነኝ ጥፋተኛው እትዬ። አየር ጠላቱ ነው አልኩ እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገርኩዎትም» አላቸው፤ ከዚያም አስረዳ። እኔም ይኼን ደጋግሜ ጠይቄ ነው የተረዳሁት፤ ደግሞም ነገሩ የሚያስገርም ነው።

ጠጅ ቤት የሚሸጥ ጠጅ ሕያው ነው። እየተጠጣም ይፈላል። ሲፈላ የሚወጣው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ በመጠጡ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ይተኛል፤ አየሩ እንዳይነካው ይከላከላል። የጋኑ አፍ በሻሽ ቢሸፈን የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ የበዛው ጋዝ ይወጣል፣ የሚበቃው ይቀራል። ያለቀለት ወይን ግን መፍላቱን ጨርሷል። የሚለብሰው የለውም። ጋኑ በጎደለ መጠን በላዩ ያለው አየር ይሰፋል። ሸክላ ደግሞ ቀዳዳው በዓይን አይታይ እንጂ ይተነፍሳል፤ በዚያ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ መጠጥ የያዘ ጋን ግድግዳ ውስጥ መጠጥን ወደ ኮምጣጤነት የሚለውጡ ጥቃቅን ሕያዋን ቢታጠብም ቢታጠንም አይጠፉም። ጠጁ ባለ ብርድ ልብስ ስለሆነ አያሸንፉትም፤ ወይኑን ግን እርቃኑን አገኙት። ወይዘሮ ያለምወርቅ ካላቸው ሁሉ የተሻለውን ዕቃ፣ ካላቸው ሁሉ በተሻለ ጥንቃቄ አዘጋጅተው ነው ያበላሹት። ሙያ የማታውቅ ሴት ብትሆን ኖሮ በጀሪካኑ ትተወው ነበር፤ ይተርፍም ነበር።

መምህር ዘመነ ኮምጣጤውን ለሆቴሎች እንሽጠው አለ። አልፈለጉም። በማግስቱ ጋኑን ደጅ አውጥተው ደፉት። ቀዩ ፈሳሽ በመንገዱ ቦይ ቁልቁል ሲወርድ፣ ከታች የምትመጣ አንዲት ሴት አይታው ክው ብላ ቆመች፣ አማተበች፣ ወደ መጣችበት ተመለሰች። በዚህ ሰሞን ቦይ ውስጥ ቀይ ሲታይ ሰው ወይን አይመስለውም። ወይዘሮ ያለምወርቅ ሮጠው «ወይን ነው፣ ወይን ነው!» ሊሏት ወጡ፤ አልደረሱባትም።

ቅበላ ያለ መጠጥ አለፈ፤ ጾም ገባ።

ጾም ሲገባ የጠጅ ቤት ገበያ ይሞታል፤ ብዙ ሰው ለሃምሳ አምስት ቀን አይጠጣም። ባለቤቱ የሰጠው የመጨረሻ ቀንም በጾሙ ማግስት ነው። ፀደንያ ደውላ፣ «እንግዲህ በቃ እማ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ» አለች። ወይዘሮ ያለምወርቅ ያኔ ነበር ጓዳ የቀረችውን ስድስተኛዋን ጀሪካን ያስታወሱት። ከፈቱት። ደኅና ነው። ልክ እንደ ተገዛበት ቀን አርፏል።

አሁን የሚሞክሩት ይኼን ነው። ወይን ርካሽ ሆኖ የሚገኘው በጥር ነው፤ ሰው የሚጠጣው ግን በፋሲካና ከዚያ በኋላ ባለው የሠርግ ወቅት። በመሐሉ መንገድ መቼ እንደሚዘጋ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ወር ሳይበላሽ የሚቆይበት፣ ሲከፈት ደግሞ በአንድ ቀን የሚያልቅበት ዕቃ ያስፈልጋል። ጠርሙስና ቡሽ ዋጋውን መልሶ ያስወድደዋል። ከጀሪካን ለደንበኛ መቅዳት አሁንም አይሆንላቸውም፤ ይኼን ግትርነት ነው የሚሉ አሉ፣ እሳቸውም አይክዱትም። ቅዳሜ ገበያ ወርደው ከሸክላ ሠሪዎቹ ሰባት ትንንሽ አዲስ ገምቦ ገዙ። ከማር የተረፈ ሰም ነበራቸው። እያንዳንዱን ገምቦ በእሳት አግለው፣ የቀለጠ ሰም ከተቱበትና አሽከረከሩት፤ ሸክላው በውስጥ በኩል ሰም ጠጥቶ ቀዳዳው ተደፈነ። ወይኑን እስከ አፉ ሞሉት፣ አየር የሚተኛበት ቦታ እንዳይኖር። የእንጨት ውታፍ አስገብተው በላዩ ሰም አፈሰሱበት። በየገምቦው አንገት ላይ በከሰል ቁጥር ጻፉ።

በየሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ይከፈታል። ቀማሹ መምህር ዘመነ ነው፤ እሳቸው በጾም አይቀምሱም። «አይጾምም እያላችሁ ስታሙኝ ኖራችሁ፤ ይኸው ለአገር ጠቀምኩ» ይላል። አንደኛው ደኅና ነበር። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ሲከፈት ግን ዘመነ ተጎንጭቶ ቀና ሳይል ቀረ። ወይዘሮ ያለምወርቅ ውታፉን አንሥተው ወደ ብርሃን ወስደው አዩት። ሰሙ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ። ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው የንጋት ብርድ ሰሙን አድርቆ ሰንጥቆታል።

የቀሩት አራት ናቸው። ፋሲካ ሊደርስ አራት ሳምንት ከጥቂት ቀናት ቀርቷል። ባለቤቱ ባለፈው ሳምንት በበሩ አልፎ ሰላም አላቸው፤ ስለ ቤቱ አላነሣም፣ እሳቸውም አላነሡም። መሪጌታ ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጡም። ጾም ስለሆነ ነው ይላሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ፤ ይኼን ሲሉ ግን ጠያቂውን አያዩትም።

እኔ ስደርስ ሰም ከኑግ ዘይት ጋር እየቀላቀሉ ነበር። በአራት ጣሳ ክዳን ላይ አራት ዓይነት ቅልቅል አፍስሰዋል፦ አንዱ ዘይት የሌለው፣ ሌሎቹ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማንኪያ የገባባቸው። ትናንት ማታ ደጅ አሳድረዋቸዋል። አሁን አንድ በአንድ እያነሡ በአውራ ጣታቸው ያጎብጣሉ። ዘይት የሌለው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ባለ አንድ ማንኪያው ጠርዙ ላይ ተሰነጠቀ። ባለ ሦስቱ እንደ ሊጥ ላልቷል፤ ውታፍ አይይዝም። ባለ ሁለት ማንኪያው ጎበጠ፣ ሲለቁት ቀስ ብሎ ተመለሰ።

ስልካቸው ጮኸ። ፀደንያ ናት። «እማ፣ መቼ ነው መኪና የምልክልሽ?» ስትል ድምፅዋ እስከ እኔ ይሰማል።

«እጄ ሰም ነው፤ ቆይተሽ ደውይ» አሉ። ስልኩን በክንዳቸው ገፋ አድርገው፣ አራተኛውን ገምቦ ወደ ጉልበታቸው ሳቡት፤ አሮጌውን ሰም በቢላ ጫፍ ከአንገቱ ላይ ቀስ እያሉ መፋቅ ጀመሩ።